ደሴ ላይ የመብራት ሂሳብ አልቻልነውም፤ ሶላር ላስገባ ወይስ ወደ ከሰል ልመለስ?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ያገሬ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። የምኖረው ደሴ ነው፣ ተከራይቼ። ግቢው ውስጥ እኛን ጨምሮ ሦስት ቤተሰብ አለን፣ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ሂሳቡ ሲመጣ እኩል እንካፈላለን። ዓምና በዚህ ሰሞን ከምንከፍለው ጋር ሳስተያየው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አዲስ የገዛነው ዕቃ የለም፣ የጨመረ ሰው የለም፣ ሂሳቡ ብቻ በየጥቂት ወሩ ከፍ ከፍ ይላል። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ ሁሉ ጨምሮ ደሞዝ ባለበት ሲቆም ይሄ ከየት ይሞላል?

አሁን ደግሞ አከራያችን እትዬ ምጣድ ሊከለክሉን ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ለልጆቼ እንደ አያት ናቸው፣ ግን «ሂሳቡን ያናረው ምጣድ ነው፣ እንጀራችሁን ከውጭ ግዙ» ብለዋል። እንጀራ ከውጭ እየገዙ አራት ልጅ ማብላት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ባለቤቴ ቢያንስ ወጡን በከሰል እናድርገው ይላል። እኔ አልወደድኩትም። የከሰሉም ዋጋ እንደ ድሮው አይደለም፣ ትንሹ ልጄ ደግሞ ደረቱን ያመዋል፣ ክረምት ላይ ጉሙ ወርዶ በር ዘግተን ስንቀመጥ ከሰል ቤት ውስጥ መንደዱ ያስፈራኛል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ «ሶላር አስገቢና ተገላገይ» ይለኛል።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ሶላር እንጀራ ይጋግራል? መብራቱን የሚበላው እውነት ምጣዱ ነው ወይ? እኩል መካፈላችንስ ልክ ነው? ቡና ጀባ ብዬ ነው የምጠይቃችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ።

የኮምቦልቻው ኤሌክትሪሻን

አብሽሪ እህቴ። ሶላሩን ለጊዜው እናቆየውና መጀመሪያ መብራቱ የት እንደሚገባ እንይ። እኔ ሥራዬ የቤት መስመር መዘርጋት ነው። በየቤቱ ስገባ ሰው የሚፈራው ዕቃ ሌላ፣ ቆጣሪ የሚያስሮጠው ዕቃ ሌላ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ዕቃው ጀርባ ላይ ዋቱ ተጽፏል። ዋቱን በሰዓት አባዢው፣ ለ1,000 አካፍይው፣ ቆጣሪው የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት እሱ ነው። የተለመደው የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት ሁለቴ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግሪ በወር ወደ 42 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። ብዙ ነው፣ አልክድም። ግን 1,500 ዋት የሆነ ቦይለር በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር 45 ነው፣ ምጣዱን በለጠው። ስቶቩስ? 1,500 ዋት ይሁን፣ ሽንኩርት ሲቁላላና ሽሮ ሲንተከተክ በቀን ሁለት ሰዓት ይቆይ፣ በወር 90 ደረሰ። ምጣድ ሲሰካ ዓይን ላይ ስለሚወድቅ ነው ሁሉም ጣቱን እሱ ላይ የሚቀስረው። ስቶቩን ማን ያየዋል?

አምፖሉንም እዪው። የድሮው ባለ 60 ዋት አራት አምፖል ማታ ማታ አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 36 ነው። እነዚያኑ በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ብትቀይሪያቸው አምስት ምናምን ላይ ይወርዳል፣ ብርሃኑ ያው ነው። ስለዚህ ምጣድ ከመከልከል በፊት አምፖል መቀየር ይቀድማል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፣ ብዙ ተከራይ የማያውቀውን። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው የሚሰላው። ትንሽ የሚጠቀም ሰው ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ትንሽ ነው፣ ብዙ የሚጠቀም ደግሞ ዋጋው ራሱ ይጨምርበታል። ከመስከረም 2017 በፊት በነበረው ታሪፍ እስከ 50 ያለው ለእያንዳንዱ 27 ሳንቲም ነበር፣ ከ51 እስከ 100 ያለው 77 ሳንቲም ገደማ፣ ከ201 እስከ 300 ያለው 2 ብር፣ ከ500 በላይ ያለው 2 ብር ከ48። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፣ እርከኑ ግን አለ። እንግዲህ አስቢው፣ ሦስት ቤተሰብ እያንዳንዳችሁ 80 ብትጠቀሙ ለየብቻችሁ ከታች ሁለተኛው እርከን ላይ ናችሁ። በአንድ ቆጣሪ ስትደመሩ ግን 240 ትሆናላችሁና ቆጣሪው እንደ አንድ ሀብታም ቤት ነው የሚያያችሁ። ማንም ምንም ሳያባክን ሁላችሁም ከአቅማችሁ በላይ ወጣችሁ።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው ለየቤቱ የውስጥ ቆጣሪ ማስገባት ነው፣ ያ ለመካፈል ፍትሐዊ ያደርጋችኋል፣ አንዱ ለሌላው ከመክፈል ትድናላችሁ። እርከኑን ግን አያወርደውም። እርከኑ የሚወርደው እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ ዋና ቆጣሪ ስታገኙ ነው፣ ለዚያ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ፈቃድና ወረቀት ያስፈልጋል። እትዬን ለምኚያቸው።

የሰኞ ገበያዋ ባለ እንጀራ

እህቴ ምጣድሽን እንዳትሸጪ! እኔ እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤትና ለጎረቤት አስረክቤ ነው ልጆቼን የማሳድገው። መብራት ሲጨምር መጀመሪያ የሚነካኝ እኔን ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዷን ነገር አስባታለሁ።

ትልቁ ወጪ ምጣዱን ማጋሉ ላይ ነው። ሸክላው እስኪግል ድረስ የሚሄደው መብራት አንድ እንጀራ ብትጋግሪም ሠላሳ ብትጋግሪም ያው ነው። ሦስታችሁም በተለያየ ቀን እየሰካችሁ ሦስት ጊዜ ከምታግሉ፣ አንድ ቀን ቆርጣችሁ በአንድ ሙቀት ተራ በተራ ጋግሩ። ድሮስ እናቶቻችን ምጣድ ሲጣድ ጎረቤት ይጠሩ አልነበር? አብሲቱ ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ማሰሻው፣ መቅጃው፣ ሰፌዱ ሁሉ አጠገብሽ ከሆነ በኋላ ነው ሶኬት የሚሰካው። ምጣድ ሰክቶ ሊጥ ላቅጥን፣ ሰፌድ ላምጣ ማለት ብር ማቃጠል ነው።

አክንባሎሽንም እዪው። ጠርዙ ከተሸራረፈ ወይ ከምጣዱ ጋር ካልገጠመ እንፋሎቱ በጎን ይወጣል፣ እንጀራው ቶሎ አይበስልም፣ አንቺም ሳታውቂው በየእንጀራው ትንሽ ትንሽ ትጨምሪያለሽ። ሲያልቅ ደግሞ ሁለት ሦስት እንጀራ ሲቀርሽ ንቀዪው። ሸክላ ሙቀት ይይዛል፣ ይጋግርልሻል። የመጨረሻዋ ዓይኗ ጥቂት ቢሆን እንኳ ለፍርፍር ትሆናለች። ከዚያም በኋላ በቀረው ሙቀት ቆሎ ታምሺበታለሽ።

ማታ ደግሞ አትጋግሪ። አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሁሉም ቤት ስለሚሰካ ኃይሉ ይደክማል፣ ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ቆሞ መጠበቅ ብቻ። እኔ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሬ ነው የምሰካው።

የኮምቦልቻው ኤሌክትሪሻን

እታለም ያለችው ማታ ስላለመጋገር ትክክል ነው፣ ምክንያቱም አለው። ቮልቴጁ ሲወርድ የምጣዱ ጉልበት ከዚያ በላይ ይወርዳል። መስመሩ ከ220 ወደ 180 ቮልት ቢወርድ 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ 2,300 ገደማ ይሆናል፣ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ቀስ እያለ ሲግል ደግሞ ሙቀቱ በጎንና በታች እየወጣ ይባክናል።

ሌላም አለ። ምጣድ ወደ 16 አምፔር ነው የሚስበው። በቀጭን ማከፋፈያ ሰክታችሁ ሶኬቱ ከሞቀ፣ ወይ የፕላስቲክ ሽታ ከመጣ፣ የምትከፍሉበት መብራት ሽቦ እያሞቀ ነው፣ አደጋውም ቀላል አይደለም። ለምጣድ ብቻ የሚሆን ወፍራም መስመር ከነማጥፊያው ይዘርጋላችሁ።

የወልድያ ልጅ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልናገር። ለምንድን ነው ሁሌ ቆጥብ የሚባለው ድሃው? ግድባችን አልቆ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት ነው። ቦንድ ገዝተናል፣ ከደሞዛችን አዋጥተናል። ታዲያ መብራት መርከስ ሲገባው ለምን ይወደዳል? ሰሜን ወሎ እኮ በጦርነቱ ጊዜ ለወራት ጨለማ ውስጥ ነው የከረመው። ወፍጮ ቆሞ፣ የውሃ ፓምፕ ቆሞ፣ ስልክ ባትሪው አልቆ ዘመድ ይኑር ይሙት ሳናውቅ። ያን ያየ ሰው አሁን «አምፖል ቀይር» ሲባል ያመዋል።

ሐይቅ ዳር

ወንድምዓለም፣ ቁጭትህ ይገባኛል፣ እኔም አዋጥቻለሁ። ፊዚክስ አስተምራለሁና የማውቀውን ልበል።

ውሃው አይሸጥም፣ እውነት ነው። ግን ከግድቡ እስከ እኔና አንተ ቤት ያለው መንገድ ሁሉ ብር ነው። ትራንስፎርመሩ፣ ሽቦው፣ ቆጣሪው አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ መስከረም 2017 ላይ አዲሱ ታሪፍ ገባ፣ በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት የሚሄድ። ጦሳ ሥር ያለችው እህታችን «በየጥቂት ወሩ ከፍ ከፍ ይላል» ያለችው እሱን ነው። ገና አላለቀም ማለት ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ቤታችንን ካላስተካከልን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልቅሶ ነው።

ሁለተኛ፣ የሀገራችን መብራት ከመቶ ዘጠናው በላይ ከውሃ ነው የሚመጣው። ዝናብ ሲጠፋ የሚሆነውን የወሎ ሰው ማንም ሊነግረው አይገባም። እነ አሸጎዳ፣ እነ አዳማ የንፋስ ማመንጫ የተተከለላቸው ለዚህ ነው፣ በጋ ላይ ግድቡ ሲጎድል ንፋሱ ይበረታል። አንዱ ሌላውን ይደግፋል።

ግን ስለ ድሃው ያልከው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ዝቅተኛው እርከን ርካሽ የተደረገው ድሃው እንዳይጎዳ ተብሎ ነው። ደሴ ውስጥ፣ ወልድያ ውስጥ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ግን ድሃው ማነው? ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ከአምስት ሰው ጋር ቆጣሪ የሚጋራው ነው። ያ ሰው በሁለት አምፖልና በአንድ ቴሌቪዥን ቢኖርም የሚከፍለው በላይኛው እርከን ዋጋ ነው። ሰፊ ቤት ያለው ብቸኛ ሰው ደግሞ የራሱ ቆጣሪ ስላለው በታችኛው ይከፍላል። ድጎማው ለሚገባው ሰው አልደረሰም። እኔና አንተ ድምፃችንን የምናሰማ ከሆነ በዚህ እናሰማ፣ ተከራይ የራሱን ቆጣሪ በቀላሉ ያግኝ እንበል። ቀበሌ ስብሰባ ላይ አንስቼዋለሁ፣ አሁንም አነሳዋለሁ። መቆጠቡም ከዚህ ጋር ነው የሚሄደው እንጂ በሱ ፋንታ አይደለም።

የወልድያ ልጅ

የቆጣሪውን ነገር እንዲህ አስቤው አላውቅም። እዚህም ግቢያችን ውስጥ ሰባት ነን በአንድ ቆጣሪ። ይሄ ተጽፎ ፊርማ ቢሰበሰብበት እኔ የመጀመሪያው ነኝ።

ደጋው (ደላንታ)

እናንተ ስለ ቆጣሪ ታወራላችሁ፣ እኛ ጋ ገና ብዙው ቀበሌ ቆጣሪ የለውም። እኛ ጋ ያለው ኩበት ነው። ደጋው ላይ ከባህር ዛፍ በቀር ዛፍ ተመናምኗል፣ እሱም ለቤት ማገርና ለገበያ ነው። ስለዚህ እንጀራው የሚጋገረው፣ ንፍሮው የሚፈላው በኩበት ነው። ይሄ ነፃ ይመስላል። ግን ኩበቱ ከማሳው የተቀማ ነው፣ መሬቱ ሊበላው የሚገባውን እኛ እናነደዋለን፣ ከዚያ ማዳበሪያ በውድ እንገዛለን። ጭሱም አለ፣ የእናቶቻችን ዓይን የሚያስለቅሰው።

እኔ በግብርና ሥራ ስለምዞር ያየሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሚያዋጣው ምርጥ ምድጃ ነው። በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራው፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብበው፣ ከኋላው ደግሞ ድስት የሚያስጥደው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ የማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከሰል ለሚያነድ ደግሞ ላቀች ምድጃ አለ፣ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ያተርፋል። ሁለቱም ሀገር ውስጥ የሚሠሩ ናቸው፣ ሲሰበሩ ጠጋኝ አይጠፋም።

ከእበት ጋዝ የሚያወጣውን ባዮጋዝ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጥሩ ነው፣ ግን ቦታ ይመርጣል። ቢያንስ አራት ከብት ይፈልጋል፣ ከእበቱ እኩል ውሃ ይፈልጋል፣ ሙቀትም ይፈልጋል። ቃሉ፣ ራያ ቆቦ፣ ተሁለደሬ ታችኛው ላይ ከብትና ውሃ ላለው ሰው ይሠራል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ተረፈ ምርት ማሳ ላይ ሲፈስ ገብሱ ራሱ ይናገራል። እኛ ደጋ ላይ ግን ብርዱ ስለሚያዘገየው ጋዙ ሳይደርስ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ ለደጋው ሰው የምለው ምርጥ ምድጃ ያስገባ፣ ለማታ ደግሞ በላምባ ኩራዝ ፈንታ ትንሽ የሶላር መብራት ይግዛ ነው። ልጅ ሲያጠና ፊቱን ጥላሸት አይሞላውም፣ ስልክም ይሞላበታል። ሶላር እውነተኛ ቦታው እኛ ጋ ነው።

ጦሳ ሥር ያለሽው እህቴ፣ ከሰሉን በተመለከተ ፍርሃትሽ ልክ ነው። የከሰል መርዙ ጭስ ሳይኖረው፣ ሽታም ሳይኖረው ነው ሰው የሚገድል። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ፣ ያውም ከሕፃን ጋር፣ ፈጽሞ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ወላሂ አላህ ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። እሑድ ቡና አፍልቼ እትዬንና ሁለቱን ጎረቤቶቼን ጠራሁ። የዕቃውን ዋት በወረቀት ጽፈን፣ ማንንም ሳናስቀይም፣ አንድ ላይ ደመርነው። እትዬ መጀመሪያ ዝም ብለው ሰሙ፣ በኋላ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አነበቡት። ምጣዱ ብቻ አለመሆኑን ሲያዩ «እንግዲያው ልጆቼን በከንቱ ነው የወቀስኩት» አሉ። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ሙቀት እንጋግር ተባብለናል፣ የውስጥ ቆጣሪውንም በጋራ አዋጥተን እናስገባለን። ዋና ቆጣሪ ለየብቻ የማስገባቱን ነገር ከልጃቸው ጋር ተነጋግረው ይነግሩናል።

የቀረችኝ ጥያቄ የሶላሩ ናት። ወንድሜ አሁንም አልተወኝም፣ ለመግዣ ብር ልላክልሽ እያለ ነው። ልቀበለው?

ሐይቅ ዳር

በቁጥር ልንገርሽ፣ ከዚያ ራስሽ ትወስኛለሽ። አንድ ባለ 100 ዋት ፓኔል ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 500 ዋት ሰዓት ያህል ያመነጫል፣ ባትሪና ሽቦ ውስጥ የሚጠፋው ሲቀነስ እጅሽ የሚገባው 330 ገደማ ነው። አራት ኤልኢዲ አምፖል ማታ፣ ሁለት ስልክ፣ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን፣ በቃ አለቀ። ምጣድ በአንድ ሰዓት 3,500 ይፈልጋል፣ አሥር እጥፍ። እንጀራ በሶላር ይጋገራል ከተባለ ጣሪያ ሙሉ ፓኔልና ብዙ ባትሪ ነው።

ያቺ ፓኔል በወር ሙሉ ብትሠራ 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው የምታተርፍልሽ። ለሂሳብ ቅነሳ ብለሽ ከሆነ አያዋጣሽም፣ የወንድምሽን ብር ለዋናው ቆጣሪና ለምጣዱ መስመር አውዪው። መብራት በጠፋ ቁጥር ልጆቹ እንዲያጠኑ ከሆነ ግን ግዢው። ለከተማ ቤት ከሶላር ሁሉ የሚያዋጣው ውሃ የሚያሞቀው ነው፣ የቦይለሩን 45 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚተካ። እሱን ግን ተከራይ ሳይሆን ባለቤት ነው የሚያስተክለው፣ ለእትዬ ልጅ አንሺበት።

የኮምቦልቻው ኤሌክትሪሻን

ከገዛሽ ደግሞ ደሴ መሆንሽን አትርሺ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ጦሳ ተራራ ጀርባ ቀድማ ትገባለች፣ ክረምት ላይ ጉሙ አለ። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ የማይጋረድበት የጣሪያ ጫፍ ምረጪ። ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይተከል፣ በጣም አይቁም፣ ዝናብ አቧራውን የሚያጥብበት ያህል ይበቃል። ባትሪውን ሲነግሩሽ «ጄል ነው ወይስ ሊቲየም» ብለሽ ጠይቂ። እንደ ጄል ያለው የሊድ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ከሠራ ቶሎ ይሞታል፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ሲገዙት ይወደዳል እንጂ ብዙ ዓመት ይቆያል። የዋስትና ወረቀት በእጅሽ ሳይገባ ብር አትክፈይ። የውስጥ ቆጣሪዎቹን ስታስገቡም ንባቡን ሦስታችሁም ባላችሁበት ጻፉት፣ የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ካልተጻፈ በኋላ ክርክር ነው።